በካቢኔት በሮቻችሁ ዳር ስለሚወጣው ነጭ መስመር

ደብረ ብርሃን፣ ጥር

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ጥምቀትን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋችን ነው።

ጥር በገባ ቁጥር ስልካችን በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «በክረምት የገጠማችሁልኝ ኪችን ካቢኔት በሩ ላይ ነጣ ያለ መስመር ወጣበት፤ ተሰነጠቀ እንዴ?» አልተሰነጠቀም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ሥራውን ስናስረክብ ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። ስላልነገርናችሁ ይቅርታ እየጠየቅን ነገሩን ከሥሩ እናስረዳችሁ።

እንጨት ተቆርጦ፣ ተልጎ፣ ዕቃ ከሆነ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ከተማችን በዝናብና በጉም ስትያዝ ያብጣል፤ ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ሲሆን ይኮማተራል። በቁመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠውም የሚኮማተረውም በወርዱ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የዋንዛ ሰሌዳ በክረምትና በበጋ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ይህን የሚያስቆም ኮላም ምስማርም የለም።

ሥራ በጀመርንበት ሰሞን እኛም ለማስቆም ሞክረን ነበር። የአንዲት እናት ወጥ ቤት በሮችን የመሃል ሰሌዳቸውን ከዙሪያው ፍሬም ጋር በኮላ አጣብቀን አስረከብን፤ በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ድምፁ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷቸው ሸክላ የተሰበረ መስሏቸው ነበር። በሮቹን በሙሉ እንደገና ሠራንላቸው።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራው አባቶቻችን አናጢዎች በሚያውቁት መንገድ ነው። አራቱ የፍሬም እንጨቶች በምስማር አይያያዙም። በአንዱ ጫፍ ምላስ፣ በሌላው ላይ ያንኑ የሚያህል ቀዳዳ በመሮ ይወጣል። ምላሱ በእጅ ሲገፋ ግማሽ ድረስ መግባት፣ ቀሪውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ መጨረስ አለበት። በእጅ ብቻ ሙሉ በሙሉ ከገባ ላልቷል፤ ኃይለኛ ምት ከጠየቀ ደግሞ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ልጆቻችን ሥራ ሲለምዱ ብዙ ጊዜ የሚፈጅባቸው ይህችን ልክ ማወቅ ነው። መጋጠሚያው ኮላ ይቀባል፣ በማዕዘን መለኪያው በስኳድራ ይለካል፣ በማጥበቂያው በሞርሳ ታስሮ ያድራል።

የመሃሉን ሰሌዳ ግን ኮላ አይነካውም። በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያ ቦይ እናወጣና ሰሌዳውን እዚያ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ በግራና በቀኙ ማበጫ ቦታ ይተውለታል። በመዳፋችሁ ገፋ ብታደርጉት ንቅንቅ ይላል። ያ ንቅናቄ የሥራ ጉድለት አይደለም፣ ሆን ብለን የተውነው ነው። መስመሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ በክረምት ሰፍቶ ሳለ ቫርኒሽ የተቀባ ሰሌዳ በበጋ ሲጠብ፣ ቦዩ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ያልተቀባ ጠርዙ ብቅ ይላል።

ጥፋታችን ቫርኒሹን ከገጠምን በኋላ መቀባታችን ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ግን ሰሌዳውን ገና ሳንገጥም፣ አራቱንም ጠርዝ ጨምረን እየቀባን ነው። ለአንድ ወጥ ቤት ጥቂት ቀናት ይጨምራል፤ በዋጋው ላይ አንጨምርም።

«ለፋሲካ ይድረስልኝ» ስትሉን የምናመነታውም ጣውላውን ማድረቅ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። በጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እየገባ የሚደረደር ጣውላ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ከድርድሩ አንድ ቁራጭ እያወጣን በየሳምንቱ እንመዝናለን፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያን ጊዜ መላጊያ ያርፍበታል። ዋንዛ በደጋችን ብርድ አይሆንለትም፣ ከወይና ደጋው ነው የሚመጣልን። በእጃችን ያለው ባሕር ዛፍ ለጣሪያና ለአጥር የሚደርስበት የለም፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ለካቢኔት በር አንደፍርበትም። የወፍ ዋሻን ጥድና ዝግባ ለምን እንደማንጠቀም ለሚጠይቁንም መልሳችን አጭር ነው፤ ያ ደን ይቆይልን።

አቅማችሁ ለችፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨፍልቆ ለሚሠራው ሰሌዳ፣ ከሆነ በግልጽ ንገሩን፣ አናፍርባችሁም። ችፑድ እንደ እንጨት በየወቅቱ አይላወስም። ነገር ግን ውኃ በጠርዙ ከገባ ያብጣል፣ ያበጠውም ወደ ቦታው አይመለስም። የኛ አገር ወጥ ቤት ደግሞ እንፋሎት አያጣውም። ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆንን ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላውም ምስሩም ረጅም ሰዓት ይንተከተካል። እንጀራ ሲጋገርማ አክምባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት በቀጥታ ወደ ላይ ነው። ልኬት ልንወስድ ስንመጣ ከሁሉ አስቀድመን «ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?» የምንለው ለዚህ ነው። ከምጣዱ በላይ ካቢኔት አንሰቅልም፤ ለምናችሁን አንድ ሁለት ጊዜ ሰቅለን ቫርኒሹ ሲላላጥ አይተነዋል።

አሁን መስመር የወጣባችሁ እስከ የካቲት መጨረሻ ደውሉልን፤ ያለ ክፍያ መጥተን እንቀባላችኋለን። መቀባት የሚቻለው ሰሌዳው በጠበበበት በዚህ ወቅት ብቻ ነው። ዝናብ ከጀመረ ጠርዙ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ብሩሽም አይደርስበትም። እስከዚያው መስመሩን በማስቲሽ እንዳትሞሉት አደራ፤ ሰሌዳው በክረምት ሲያብጥ መሄጃ ያጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ ቤታችሁ