በመሮ ስለተመታው የልጄ ብስክሌት ፍሪዊል

ለ፦ ፒያሳ ለሚገኘው የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ቀብድና የእጅ ዋጋ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የልጄን ባለ 16 ኢንች ብስክሌት የገዛሁት ከእናንተው ሱቅ ነው። ሰሞኑን ፔዳሉ በባዶ መዞር ጀመረ። ወደፊት ትረግጣለች፣ ካቴናው ይዞራል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። የጥገና ሠራተኛችሁ ገና ሲያየው "ፍሪዊሉ ነው" አለኝ፤ ካቴናው የሚያርፍበት፣ ወደፊት ሲረገጥ ጎማውን ይዞ የሚያዞረው የኋላ ጥርስ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልክ ነበር። ውስጡ ያሉት ትንንሽ መንጠቆዎች ሲጣበቁ ወይም ሲበሉ መያዝ ያቅታቸዋል። አሮጌውን ፈትቶ አዲስ ማሰር ነው።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

ባለ አንድ ማርሽ ፍሪዊል ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ ተጠምዝዞ ነው የሚገባው። ልጅቷ በረገጠች ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። ስለዚህ አልፈታ ብሎ ግግም ቢል አይገርምም። መፍቻው ግን የታወቀ ነው። ፍሪዊሉ ፊቱ ላይ አራት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት፤ እነሱ ውስጥ ልክክ ብላ የምትገባ ባለ አራት ጥርስ መፍቻ አለች። መዳፍ ውስጥ የምትያዝ ብረት ናት። ብስክሌት የሚሸጥና የሚጠግን ቤት እሷን ካጣ ምን ሊኖረው ነው?

ሠራተኛችሁ መጀመሪያ ጥርሱን በቧንቧ መፍቻ ነክሶ ወደ ግራ አዞረ። ዞረለት። ደግሞ አዞረ፣ ደግሞ ዞረ። አልወጣም። አይወጣማ! ፍሪዊል ወደዚያ በኩል በነፃ እንዲዞር ነው የተሠራው።

ቀጥሎ የፍሪዊሉን ባለ ሁለት ቀዳዳ ክዳን በሚስማርና በመዶሻ እየመታ ወደ ግራ ሊፈታት ሞከረ። እሷ ደግሞ የምትፈታው ወደ ቀኝ ነው። እየፈታሁ ነው ብሎ ያጠብቃት ነበር። ይህን ብነግረው "ጋሼ፣ ሥራችን እኮ ነው" አለኝና መሮ አነሳ። ከአራቱ ጎድጓዳ ቦታዎች ሁለቱን ገመሳቸው። መሮው ሲያዳልጠው አንድ የጎማ ሽቦ አጎበጠ። አንድ ጠብታ ዘይት እንኳ አላስነካውም።

ሲደክመው "ሞዞው አልቋል፣ ሙሉ የኋላ ጎማ ይቀየር" ተባልኩ። ለአዲሱ ጎማ ቀብድ ተቀበላችሁ፤ ፍሪዊሉን ላልፈታችሁበትም የእጅ ዋጋ አስከፈላችሁኝ። ካሸር ላይ ያለችው ልጅ "የልጆች ብስክሌት ይጣላል እንጂ አይጠገንም" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየትኛው ከተማ እንደሆነ አላውቅም። በእኛ ሰፈር የልጅ ብስክሌት ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት ልጅ ነው የሚሄደው።

አሮጌውን ጎማ ይዤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ከቧንቧ ቁራጭ ሞርዶ የሠራት መፍቻ አለችው። ፍሪዊሉን ዘይት አጠጥቶ ተወውና ሻዩን ጠጣ። ከዚያ መፍቻዋን በተረፉት ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አስገባ፤ እንዳትንሸራተት በአክሱ ዳዶ ያዝ አደረጋት። መፍቻዋን ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አሰረና ጎማውን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራ ገፋ። "ቋ!" አለ። ወዲያው ዳዶውን ላላ አድርጎ ቀሪውን በቀስታ አወጣው። ሞዞው ደህና ነው፤ አልቋል ያላችሁት ጥምዝ አንድም ቦታ አልተበላም። ባለ 16 ጥርስ አዲስ ፍሪዊል ግሪስ ተቀብቶ በእጅ ብቻ ገባ። ልጄም ከአራት ኪሎ ፒያሳ በተሠራው የብስክሌት መንገድ ላይ እየነዳች ነው።

እንግዲህ ቀብዱን ልቀበል ስመጣ "ዕቃው ታዟል፣ አይመለስም" አላችሁኝ። ያዘዝኩት ሞዞው አልቋል ስላላችሁኝ ነው፤ አላለቀም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ነገሩን እስከ ክስ ድረስ መውሰድ አልፈልግም፤ ሰልፉ ለእኔም ለእናንተም አይመችም።

የምጠይቀው የከፈልኩት ቀብድና የእጅ ዋጋ እንዲመለስልኝ ነው። የጎበጠውን ሽቦ ደግሞ በራሳችሁ ወጪ ቀይሩልኝ፤ ጎማው ትንሽ ይወዛወዛል። ካሳ ብዬ ሌላ ነገር አልጨምርም።

ሠራተኛችሁን ከደመወዙ እንዳትቆርጡበት አደራ። ልጁ ጉልበትም ፍላጎትም አለው፤ መሣሪያ ያልሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። መፍቻዋን ግዙለት፤ ካጣችሁ ምናለሽ ተራ ያለው ሰውዬ ይሠራላችኋል።

የደረሰኞቹን ኮፒና የተገመሰውን ፍሪዊል ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አሮጌው ፍሪዊል እጄ ላይ ነው፤ ማየት ከፈለጋችሁ አመጣዋለሁ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ ስላለ ገንዘቡን መቼ መጥቼ እንደምወስድ ደውላችሁ ንገሩኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ