የኖራው ወሬ ከዘር በፊት ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ተቋሙ በ1987 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በበኩር ጋዜጣ መጀመሩ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑም ኋላ መከተላቸው በአግባቡ ተቀምጧል። አድማጩ ግን ተረስቷል።

እኔ ባደግሁበት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሬዲዮ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና ማታ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሰማል። በዜናው ላይ የሚነሣው ክርክር ከዜናው ይረዝም ነበር።

ጽሑፉ በአዊኛ የሚተላለፈውን ዝግጅት በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ከእንጅባራ ወጣ ብላ ለምትኖር፣ አማርኛዋ ከገበያ ለማያልፍ እናት የልጇን የክትባት ነገር በአፍ መፍቻዋ መስማት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ያልገባትን ምክር ማን ይፈጽመዋል?

ሬዲዮው በወቅቱ ሊያነሣው የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ፤ የጎጃምን ገበሬ ዛሬ ያስቸገረው የመሬቱ አሲዳማነት ነው። ማዳበሪያ ቢጨመርም ሰብሉ በወጉ አይጠቀምበትም። መፍትሔው የአፈሩን አሲዳማነት የሚቀንሰው ኖራ ነው፤ ኖራ ግን ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። በሰኔ የሚነገር ምክር ለዚያ ዓመት ዘር አይደርስም።

ስለዚህ ሬዲዮው ከየካቲት ጀምሮ፣ ከብት ከገባ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኖራ የሞከሩ ገበሬዎች ራሳቸው የሚናገሩበት የ15 ደቂቃ ሳምንታዊ ዝግጅት በአማርኛና በአዊኛ ይጀምር።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ