ደብዳቤ ለልጄ፦ የቡኔን ቡችሎች ለማን እንደምትሰጪ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? አያትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዓይኔ ሞራ ከተነሣ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ እንዳልልና ከባድ ነገር እንዳላነሣ ስለ ከለከለኝ፣ አክስትሽ ወረቀቱን በትሪ ጀርባ ደግፋልኝ ቀና ብዬ ነው የምጽፈው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ስናወራ «እሺ አባዬ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊው ነው። ደብዳቤውን ነገ ማለዳ ወደ ጅማ የሚሳፈረው የአጎትሽ ልጅ በእጅሽ ያደርስልሻል፤ ሳትቸኩዪ አንብቢው።

ትናንት ማታ ጎረቤታችን ደውለው የነገሩኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። በግቢያችን በር ላይ «ቡችላ በነፃ» የሚል ወረቀት ለጥፈሻል አሉኝ። በባጃጅ የመጣ አንድ ሰው ለቡና ጥበቃ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ልውሰድ ብሎሽ፣ አንቺም ለገና ዋዜማ እንደቀጠርሽው ሰማሁ። ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ያንን ወረቀት ከበሩ ላይ አንሺው። ለሰውየውም ደውለሽ «አባቴ ሳይመለስ አይሆንም» በዪው፤ ቅር ቢለውም ቅሬታው በእኔ ላይ ይሁን። ቤቱን ሳታዪ ቡችላ አትስጪ።

የተቆጣሁ እንዳይመስልሽ። ስድስት ቡችሎች ያቆሸሹትን ሲሚንቶ በየማለዳው አጥበሽ፣ ከዚያ ወደ ትምህርትሽ ሮጠሽ፣ ማታ ሲያላዝኑ ደግሞ አያትሽን አባብለሽ መሰንበትሽን አውቃለሁ። የነገሩ መነሻም አንቺ አይደለሽም። ቡኔ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት መሆኑን እያወቅሁ፣ የደመራ ማታ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ የወጣሁት እኔ ነኝ። በዚያች ሌሊት ስንት ወንድ ውሻ እንደተከተላት አያትሽ በመስኮት አይተዋል። በ63ኛው ቀን፣ ኅዳር 19፣ የወለደቻቸው ሰባቱ እርስ በርስ የማይመሳሰሉትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ውሻ በአንድ እርግዝና ከሁለትና ከሦስት ወንዶች ልትፀንስ ትችላለችና። ጆሮአቸው መቆም የጀመረው ሁለቱ ከላይኛው ግቢ ጀርመን ሼፐርድ ይመስሉኛል፤ አራቱ አጭር ጸጉር ያላቸው ቀዮች ግን የመንደራችን ውሻ ልጆች ናቸው። ሰባተኛዋን አቮካዶው ሥር እንደቀበርሻት አልረሳሁም።

እንግዲህ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ክልስ መሆናቸውን በግልጽ ንገሪ። ሁለቱን «የፈረንጅ ውሻ» ብለሽ ብታሞግሺያቸው ፈላጊ በአንድ ቀን ይሰለፋል፤ ነገር ግን ዛሬ የቆመ ጆሮ ነገ ሊወድቅ፣ ትልቅ ይሆናል የተባለውም በአጭሩ ሊቀር ይችላል። የፈረንጅ ውሻ ብሎ የወሰደ ሰው የጠበቀውን ባላገኘ ቀን ውሻውን መንገድ ላይ ይተወዋል። ክልስ መሆኑን ሰምቶ የወሰደ ግን ያደገውን ይቀበላል።

አሁን ወደ ባጃጁ ሰውዬ ልመለስ። ቡናው በየግቢው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ባለበት በዚህ ወር ጅማ ውስጥ ጠባቂ ውሻ የማይፈልግ የለም። የአምስት ሳምንት ቡችላ ግን ራሱ የሚጠበቅ እንጂ የሚጠብቅ አይደለም። ከጥቅምት በኋላ፣ ለሚመጣው ዓመት ቡና ነው ሊደርስ የሚችለው። ለዘንድሮ ቡና ብሎ ሦስት ቡችላ የሚጭን ሰው ወይ ውሻ አሳድጎ አያውቅም፣ ወይ የሚሸጥበት ሌላ ቦታ አለው። ደርሶ ለጥበቃ የሚሆን ውሻ ያለውም ቢሆን፣ ቡናው ተሸጦ ጎተራው ባዶ ሲሆን ውሻውን የሚያባርር ስንት አለ? በየካቲትና በመጋቢት በጅማ አጂፕና መርካቶ ሰፈሮች ዙሪያ አጥንታቸው ወጥቶ የምታያቸው ውሾች ሁሉ ከእናታቸው ሆድ መንገድ ላይ አልወደቁም፤ አንድ ሰው ከአንድ ቤት አውጥቷቸዋል።

ከጥር 15 በፊት አንዱም ከእናቱ አይለይ። ያን ዕለት ስምንት ሳምንት ይሞላቸዋል። የእናታቸውን ጡት ቢጥሉም ከእሷና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲላፉ ንክሻቸውን ማለዘብ የሚማሩት በእነዚህ ሳምንታት ነው፤ ያለ ጊዜው የተለየ ቡችላ ሲያድግ ሕፃናትን በጨዋታ የሚያቆስል ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ሰው አልምጃቸው። አያትሽ ይዳስሷቸው፣ የጎረቤት ልጆች ፊትሽ ሆነው ይያዟቸው፣ የባጃጅ ድምፅ ይስሙ።

ምግባቸውን ደግሞ ተጠንቀቂ። የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል። እንጀራ በሥጋ መረቅ አርሰሽ፣ ሽንኩርትም በርበሬም ሳይነካው፣ በቀን አራት ጊዜ ስጪያቸው። በገና እርድ ከየቤቱ የሚመጣውን ጥሬ ሳንባና ጉበት ለቡኔም ሆነ ለልጆቿ እንዳትጥዪ፤ በተለይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን አርቀሽ ቅበሪ። ውሻው ከዚያ የሚይዘው ትል ተመልሶ ወደ ሰው ጉበትና ሳንባ የሚገባ ነውና። የትል መድኃኒቱን በሁለተኛው ሳምንት እኔ፣ በአራተኛው አንቺ ሰጥተናል፤ ቀጣዩ ጥር 1 ነው።

ይህን ሁሉ የማስጨንቅሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ሳታውቅ ነው ያለፈችው።

በ1979 ዓ.ም. አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለው በአያትሽ ቤት ሳለሁ ውሻችን አምስት ወለደች። አባቴ «እስከ ሐሙስ ከግቢዬ ይውጡልኝ» አሉኝ። ሐሙስ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሒርማታ የገበያ ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚያ በፊት አንድ ጓደኛዬ «ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል፤ ሰው ይሻማበታል» ብሎኝ ስለነበር የአምስቱንም ጆሮ በምላጭ ቆረጥሁ። የአንዱን ግራ ጆሮ ስቆርጥ እጄ ተንቀጥቅጦ አጣምሜ ከግማሽ በላይ ወሰድሁት። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሐሙስ በቅርጫት ተሸክሜያቸው ወጣሁ፤ እጁን ለዘረጋ ሁሉ ሰጠሁ። ስም አልጠየቅሁም፣ ሰፈር አልጠየቅሁም፣ ምን ሊያበላ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከቀትር በፊት ባዶ ቅርጫት ይዤ ስመለስ አባቴ «ጎበዝ!» አሉኝ፤ እኔም ጎበዝ የሆንሁ መሰለኝ።

በዓመቱ በክረምት አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ልሃጩን እያዝረበረበ ሰፈራችን ገባ፤ ያገኘውንም ሁሉ ይነክስ ጀመር። የጎረቤታችንን የስድስት ዓመት ልጅ ቀኝ ክንዱን ነከሰው። ወጣቶቹ ተሰብስበው ውሻውን ወንዙ ዳር በዱላና በድንጋይ ገደሉት። እኔም ሄጄ አየሁት። ያወቅሁት በግራ ጆሮው ነው።

የልጁ እናት ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ቡና በወረደ ዋጋ ሸጠው፣ ልጃቸውን ይዘው በዚያ ጭቃ አዲስ አበባ ወጡ። የያኔው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ ልጁ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ ሰነበተ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፎ ተመለሰ። እኔ ግን ውሻው ከእጄ የወጣ መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም። እናቱ በየጠዋቱ በበራችን ሲያልፉ «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም ዓይኔን ሰብሬ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለቡናቸው ምትክ አንድ ብር እንኳ አልሰጠኋቸውም። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ ያን ጊዜም አልተናገርሁም። ልጁን ታውቂዋለሽ። አምና የውኃ ቧንቧችንን የጠገነልን፣ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተሽ «ምን ሆነህ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው ሰው ነው። ቡና ልታፈዪለት ስትገቢ እኔ ለምን ወደ ጓሮ እንደወጣሁ አሁን ገብቶሻል።

ስለዚህ ልጄ፣ ቤቱን ሳታዪ ቡችላ አትስጪ። ስትሄጂም ብቻሽን እንዳትሄጂ፤ ጎረቤታችንን ወይም የአጎትሽን ልጅ አስከትዪ። አጥሩን እዪ፣ ዝናብ የማይገባበት ማደሪያ መኖሩን እዪ፣ ሰንሰለቱ አጭር መሆን አለመሆኑን እዪ። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ከዚህ በፊት የነበራችሁ ውሻ የት ደረሰ?» ብለሽ ጠይቂ። አርጅቶ እደጃቸው የሞተባቸውን ሰዎች እመኚያቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ውሻ «ጠፋብን» የሚሉሽ ከሆነ ቡናቸውን ጠጥተሽ፣ አመስግነሽ ተመለሺ። ጆሮ እቆርጣለሁ ለሚል ሰው አትስጪ። ግቢያቸው ውስጥ ጡት የጣለ ሕፃን ብቻውን የሚውል ከሆነም ሌላ ጊዜ በዪያቸው።

ሴቶቹ አራት ናቸው፤ ችግሩ ያለው እነሱ ላይ ነው። ሰው ወንድ ይመርጣል፤ ሴቷን በማታ ወስዶ የሚጥል እንዳለ አንቺም አይተሻል። ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ያሉት ሀጂ ግን አንዷን እንደሚወስዱ ነግረውኛል። ቤት ውስጥ እንደማትገባ፣ በግቢያቸው በር አጠገብ ግን በቆርቆሮ የተሠራ ማደሪያ እንዳላት አስረድተውኛል። የድሮዋን ውሻቸውን አውቃታለሁ፤ ዝንጀሮን ከበቆሎው፣ ጦጣን ከቡናው ስትመልስ 12 ዓመት ኖራ ነው የሞተችው። ከእሳቸው የተሻለ ቤት አላውቅም፤ ቢሆንም ሄደሽ እዪው፣ ቅር አይላቸውም። የአጋሮ አክስትሽም አንዷን ትፈልጋለች። ከጥር 15 በኋላ ራሷ መጥታ ትውሰድ፤ በካርቶን አድርገሽ በአውቶቡስ ጣሪያ እንዳትልኪ። ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞችሽ አትስጪ። ልባቸው ደግ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሰኔ ሲደርስ ግን ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፣ የተከራዩት ቤት አከራይም ውሻውን ያስወጣዋል። ቤት ያልተገኘላት ብትኖር ከእኛ ጋር ትቀመጥ። አያትሽን እኔ አሳምናለሁ።

ለሚወስዱት ሁሉ የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወራቸው፣ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ እንደሚወጉ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ሰፈራቸውን በሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፊ። የካቲት ሲደርስ እየደወልን እንጠይቃለን። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ አይድንም፤ ክትባቱ ግን ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንቺንም ሆነ ሌላውን የማይታወቅ ውሻ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ የባህል መድኃኒት ሳትፈልጉ፣ ሳታድሩም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የዛሬው መርፌ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ሆድ ላይ የሚወጋበት ዘመን አልፏል።

የቡኔን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ። ከመስከረም ስድስት ወር ስንቆጥር መጋቢት አካባቢ ወቅቷ ተመልሶ ይመጣልና፣ ቡችሎቹ ጡት ከተውና ወተቷ ከደረቀ በኋላ እንዳትወልድ የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምና እናስደርግላታለን። ለእንስሳት ሐኪሙ ከአሁኑ ንገሪው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያ ቧንቧ ሠሪ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ለልጆቹ አንድ ቡችላ ጠይቆኛል። ምን እንደምመልስለት አጥቼ «ዓይኔ ይዳንና እንነጋገራለን» አልኩት። በሩ ላይ ቢመጣ ቡና አፍዪለት፣ ቡችሎቹን አሳዪው፤ ከመረጠ ለምልክት ቡችላው ላይ ክር እሰሪለት። ለእሱ ግን አንቺ አትስጪ። የዓይን ሐኪሙ ለጥር 6 ቀጥሮኛል፤ ከዚያ ፈቃድ ሲሰጠኝ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሱ ቤት ነው። የምነግረውን ሰምቶ አሁንም ከፈለገ ራሴ ይዤለት እሄዳለሁ።

የግቢው በር መወርወሪያ ካላነሡት እንደማይገጥም ታውቂያለሽ። ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንድ ጊዜ ወጥተሽ እጅሽን አድርገሽ አረጋግጪ። አያትሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ