ለአባባ፦ በ29ኛው ተራ ስለተመረጠው ልጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እንኳን ለዳግም ትንሣኤ በሰላም አደረሰዎ። የፋሲካ ዕለት በስልክ ስንጨዋወት «ሐሙስ ማታ ድራፍት ስላለ አምሽቼ ነው የምተኛው» ብዬዎት፣ የቢራው መስሎዎት «ጾሙ ከመፈታቱ ደግሞ ምን መጠጥ ነው?» ብለው ተቆጡኝ፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠና ሳላስረዳዎ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ፣ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሥሩ ጀምሬ ልጽፍልዎ ተቀምጫለሁ። ስለ ኳስ የማወራው ሁሉ ከእርስዎ የወረስሁት ስለሆነ፣ ይህንንም ከእርስዎ በቀር በትዕግሥት የሚያነብልኝ ያለ አይመስለኝም።

ድራፍት የሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡትን ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ቡድኖቹ 32 ናቸው፤ ምርጫው 7 ዙር አለው፤ በየዙሩም ባለፈው የውድድር ዘመን ከሁሉ የከፋ ውጤት ያመጣው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫውን ያነሣው መጨረሻ ይደርሰዋል። የተመረጠውም ልጅ ከመረጠው ቡድን ጋር እንጂ ከሌላ ጋር መዋዋል አይችልም። እርስዎ «ገንዘብ ያለው ክለብ ጥሩ ጥሩውን ልጅ ሰብስቦ ሌላውን ባዶ ያስቀረዋል» እያሉ ሁልጊዜ ያዝኑ የለም? ሥርዓቱ የተፈጠረው ይህንኑ ለመከላከል ነው። ሐሳቡን ያመጣው በርት ቤል የሚባል የፊላደልፊያ ቡድን ባለቤት ሲሆን፣ ቡድኑ ሲሸነፍ የሚከርም ስለነበረ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ እየሸሸው ወደ አሸናፊዎቹ ይሄድበት ነበር። የመጀመሪያው ምርጫ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936 ተደረገ፤ በእኛ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የእርስዎ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተበት ዓመት። ይህን ባወቅሁ ዕለት ወዲያው ልደውልልዎ ፈልጌ፣ አዲስ አበባ ሌሊት መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነው የተውሁት።

እኔ ዋሽንግተንን መደገፍ የጀመርሁት መሀል ከተማ ውስጥ ባለ፣ ከመሬት በታች በተሠራ የመኪና ማቆሚያ ካሸር ሆኜ ስሠራ ነው። እሑድ እሑድ አብሮኝ የሚውል አንድ የወሎ ሰው ትንሽ ሬዲዮ ያመጣ ነበር፤ ድምፅ የምትሰጠው ከመውጫው በር አጠገብ ባለው መስኮት ላይ ስትቀመጥ ብቻ ስለነበረ፣ ሁለታችንም ወንበራችንን ወደዚያ ስበን በብርድ እናዳምጥ ነበር። ያ ዓመት የኳርተርባኩ (ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራውና የሚያቀብለው ተጫዋች ነው) የሮበርት ግሪፊን ዓመት ነበር። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2012ቱ ምርጫ ተራው 6ኛ ነበር፤ ይህን ልጅ ለማግኘት ግን 2ኛ መሆን ነበረበት። ስለዚህ 4 ደረጃ ወደፊት ለመውጣት ሲል የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ በዚያም ላይ የሚቀጥሉትን የ2 ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ለሴንት ሉዊስ ቡድን አሳልፎ ሰጠ። እርስዎ ቢሰሙ «የዘሩን እህል ፈጨው» ይሉ ነበር። እኛ ግን ያኔ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን 10 ጨዋታ አሸንፎ የምድቡ አንደኛ እንዲሆን አደረገው፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂም ተብሎ ተሸለመ።

የሆነው የሆነው በ2005 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነው። ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ዋሽንግተን 14 ለ0 መርቶ ነበር፤ ልጁ ግን ከወር በፊት የተጎዳ ጉልበቱን እያነከሰበት ይጫወት ነበር። ከሥራ ወጥቼ ለቅዳሴ ከመሄዴ በፊት በቴሌቪዥን ደግመው ሲያሳዩት አየሁት፦ ዝቅ ብሎ የመጣለትን ኳስ ለማንሣት ሲያጎነብስ፣ ማንም ሳይነካው ቀኝ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወደቀ። ጨዋታው በሲያትል አሸናፊነት 24 ለ14 አለቀ፤ ግሪፊንም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው መሆን አልቻለም። ከ2 ዓመት በኋላ ያ የሴንት ሉዊስ ቡድን ወደ ሜዳችን መጣና፣ ለሳንቲም ውርወራው አምበል አድርጎ የላካቸው ከዚያ ልውውጥ ባገኛቸው ምርጫዎች ያመጣቸውን 6 ተጫዋቾች ነበር። ስድስቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው ወደ መሀል ሜዳ ሲራመዱ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም አልረሳውም። በዚያ ቀን 24 ለ0 ተሸነፍን።

ይህን ታሪክ ያረዘምሁት የሐሙሱን ምርጫ የምመዝነው በእርሱ ስለሆነ ነው። በዚያው በ2012 ምርጫ ዋሽንግተን ያን ያህል ሳይከፍል፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ በ102ኛው ተራ ከርክ ከዝንስን ወሰደ፤ ያ ሰው ዛሬም ድረስ በሊጉ ይጫወታል። በ173ኛው ተራ ደግሞ አልፍሬድ ሞሪስን ወሰደ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ኳስ ይዞ 1,613 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሮጠ። ቡድኑን የጎዳው የመረጠው ልጅ ማነስ ሳይሆን፣ ሁሉን ነገር በአንድ ልጅ ጉልበት ላይ ጭኖ በዙሪያው የሚቆምለትን ሰው የሚያመጣበትን ምርጫ መሸጡ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባልዘረዝርልዎ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በ15ኛው ተራ የተመረጠው ድዌይን ሃስኪንስ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ልጅ፣ 2 ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ፤ በ24 ዓመቱም ፍሎሪዳ ውስጥ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ገጭቶት አረፈ። ነፍሱን ይማር። በ2023 ደግሞ በ16ኛው ተራ 75 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን የኋላ ተከላካይ ተመረጠ፤ ሁለተኛው የውድድር ዘመን ሳያልቅ ተሰናበተ። ከእርሱ ቀጥሎ በ17ኛው ተራ ኒው ኢንግላንድ የወሰደው ክርስቲያን ጎንዛሌዝ ግን ዛሬ በቦታው ከምርጦቹ አንዱ ነው።

አምና አዲስ ባለቤት፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅና አዲስ አሠልጣኝ ይዘን በ2ኛው ተራ ጄደን ዳንኤልስ የሚባል ኳርተርባክ መረጥን። አባባ፣ ይህን ልጅ ቢያዩት ይወዱታል። ረጋ ያለ ነው፤ ሲያሸንፍ አይጮህም፣ ሲመታ አይበሳጭም። በዋዜማው ዓመት 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈው ቡድን አምና 12 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉም ዲትሮይትን በገዛ ሜዳው 45 ለ31 አሰናበተና ከ33 ዓመት በኋላ ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ ማለቴ ነው፣ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ደረሰ። እዚያ ፊላደልፊያ 55 ለ23 አሸነፈን። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ የነበረው በውጤቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ኳሱን እንደያዘ ከ40 ጊዜ በላይ መሬት ላይ ተጥሏል፣ በጥቅምትም የጎን አጥንቱን ተጎድቶ ከጨዋታ ወጥቶ ነበር። በወደቀ ቁጥር ያ የገና ዋዜማ ይታወሰኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው የሐሙስ ማታው የሚመጣው። ምርጫው የተደረገው በግሪን ቤይ ከተማ ነው። (ይህች ትንሽ ከተማ ቡድኗ የአንድ ባለጸጋ ንብረት አይደለም፤ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት፤ እርስዎ ክለብ የደጋፊው ነው የሚሉትን ያስታውሰኛል።) ተራችን 29ኛ ስለነበረ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሰን። ከፋሲካ የተረፈውን ዶሮ አሙቄ፣ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቅ ነበር። በሥራ ቦታዬ ያሉት ደጋፊዎች ሁሉ የሚሹት ተቃራኒውን ኳርተርባክ አሳድዶ የሚጥል ተከላካይ ነበር፤ 55 ከተቆጠረብን በኋላ ይህን መፈለጋቸው አይፈረድባቸውም። የተጠራው ስም ግን ጆሽ ኮነርሊ ነው፤ ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ፣ የማጥቃት መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ኳርተርባኩን የሚጠብቅ፣ ታክል የሚባለው። ወዲያው ስልኬ ላይ የጓደኞቼ ብስጭት ይዘንብ ጀመር። እኔ ሳህኑን አስቀምጬ ብቻዬን አጨበጨብሁ።

ለምን እንደሆነ እርስዎ ይገባዎታል። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ስታዲየም ይዘውኝ ሲገቡ፣ ካታንጋ ያለው ሕዝብ ኳስ የያዘውን እየተከተለ ሲጮህ፣ እርስዎ «ኳሱን አትከተይ፣ ኋላ የቀረውን ሰው እይ» ይሉኝ ነበር። ታክልም እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ተጫውቶ ኳስ በእጁ ላይነካ ይችላል፤ ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ቅዳሜን ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ የኮነርሊን የዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎች እንዳሳዩኝ አድርጌ አየሁ፤ ሌላውን ሁሉ ትቼ እግሩን ብቻ። ኳሱ እንደተነሣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ እርምጃው አጫጭር ነው፣ እግሩ ከእግሩ ጋር አይጠላለፍም፤ 140 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንዲህ ሲንቀሳቀስ ማየት ያስገርማል። የሚመጣበት ተከላካይ ዞሮ ሊያመልጠው ሲል ደረቱ ከፊቱ አይለይም፤ በሁለት እጁ ደረቱን ይዞ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ያ ሁሉ 3 ሰከንድ አይሞላም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኳሱ ሄዷል። የሚታይበት ድክመት በቀጥታ ጉልበት ሲገፉት ጥቂት ወደ ኋላ መሸሹ ነው፤ ነገር ግን ገና 21 ዓመቱ ነው፣ ጉልበት ይመጣል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በመጋቢት ወር ዋሽንግተን ላረሚ ተንሲል የሚባል ስመ ጥር የግራ ታክል ከሂዩስተን በልውውጥ አምጥቷል። ኮነርሊም በዩኒቨርሲቲው ሲጫወት የነበረው በግራ ስለሆነ አሁን ወደ ቀኝ መዛወሩ የማይቀር ይመስለኛል። ይህ ለማያውቀው ቀላል ነው፤ ለተጫዋቹ ግን በቀኝ እጁ ሲጽፍ የኖረን ሰው ከዛሬ ጀምረህ በግራህ ጻፍ እንደማለት ነው፤ የሚቀድመው እግር፣ የሚመታው እጅ፣ ሁሉም ይገለበጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሳሳታል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ደጋፊውም እንዳይቸኩልበት እለምናለሁ።

የቀሩትን ምርጫዎች ባጭሩ ልንገርዎ። ብዙውን ምርጫችንን በልውውጥ ስለሰጠን የነበሩን 5 ብቻ ናቸው። በ61ኛው ተራ ትሬይ ኤሞስ የሚባል የኋላ ተከላካይ መወሰዱ ተገቢ ነው፤ ቦታው ክፍት ነበር። ቅር ያለኝ ግን በአምስቱም ውስጥ ኳርተርባክ አሳዳጅ ተብሎ የተመረጠ አንድ እንኳ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያውን ለታክል መስጠት ትክክል ነበር፤ በ128ኛው ተራ ግን ኳስ ተቀባይ ከሚወስዱ ይልቅ ያን ክፍተት ቢሞክሩት በወደድሁ። ፊላደልፊያን በዓመት 2 ጊዜ የሚገጥም ቡድን ይህን ጉዳይ ለከርሞ ማሳደር አልነበረበትም።

ልቤን የወሰደው ደግሞ የመጨረሻው ነው። ከ257 ምርጫዎች 245ኛው ሆኖ የተጠራው ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት የሚባል ሯጭ ነው። አምና በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የመጫወት መብቱ ላይ ጥያቄ ተነሥቶ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ አሳለፈ። በዚያች አንድ ጨዋታ ከ100 ያርድ በላይ ሮጧል። አልፍሬድ ሞሪስን በሬዲዮ የሰማሁ ሰው ስለሆንሁ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ስሙ ሲጠራ ተነሥቼ ነው የቆምሁት።

የኮነርሊን ጨዋታ ለልጅ ልጅዎ ስልክ ልኬአለሁ፤ እሑድ ሲመጣ ያሳይዎታል። ቢጫና አረንጓዴ ከለበሱት መካከል ከግራ በኩል ጫፍ ላይ የቆመውን ይመልከቱ፤ ኳሱን አይከተሉ። ካዩ በኋላም በ29ኛው ተራ እርስዎ ቢሆኑ ማንን ይወስዱ እንደነበር ይንገሩኝ፤ ቅዳሜ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ አደራ።

ናፋቂ ልጅዎ