ሽምብራው ሳይነሣ መኪና አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በየረር ተራራ ግርጌ በተደረገ የኦፍሮድ (ከተሠራ መንገድ ውጭ የሚነዳበት) ጉዞ ላይ ያየሁት ነገር ነው። እኔ ራሴ የጉዞው ተካፋይ ስለነበርሁ፣ የምጽፈው ዳር ቆሞ እንዳየ ሰው ሳይሆን እንደ ጥፋቱ ተጋሪ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመስክ መኪና ሹፌርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእኅቴ ልጅ ሞተር ሳይክል ይነዳል፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ያልወረዱበት ገደል የለም፤ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ይውጡ» እያለ ዓመት ሙሉ ሲወተውተኝ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አሮጊቷን ላንድክሩዘሬን አስነሥቼ ወጣሁ። ጎሮ ላይ ስንሰባሰብ አሥራ አራት መኪናና ዘጠኝ ሞተር ሳይክል ሆንን። አብዛኞቹ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ሲሆኑ፣ ሁለት ላዳ ኒቫዎችም ነበሩ፤ ወጣቶቹ ኒቫዎቹን እያዩ ይስቁ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ወገን ዞሯል።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ የቅንጦት ጨዋታ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ጠግኖና ዐውቆ መያዝ ግድ ሆኗል፤ የመኪናን ድካም ደግሞ አስፋልት አይናገርም። ቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የየረር አናት ከ3000 ሜትር ያልፋል። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ወደ ተራራው ትከሻ ስንቃረብ ከሦስት የፈረስ ጉልበት አንዱን ለማጣት ምንም ያህል አልቀረንም ማለት ነው። ካርቡሬተር ያላቸው ሞተር ሳይክሎችም አየሩ ሲሳሳባቸው ቤንዚኑ ይበዛባቸውና ጥቁር ጭስ እየተፉ ይንተፋተፋሉ። ይህንን አንድ ሰው ቀለበት መንገድ ላይ ዓመት ቢነዳ አያየውም።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከወጣቶቹ የአንዱ ሃይሉክስ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ውኃ እያፈላ ያስቸግረው ስለነበር፣ ልጁ አዲስ ራዲያተር ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ መሆኑን ነገረኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ክዳኑን ፈትቼ ብመለከተው፣ የውስጥ ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ክዳኑ ግፊት መያዝ አቁሟል። ግፊት ያልያዘ ራዲያተር ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ዲግሪ የሚጠብቀው ውኃ ተራራ ላይ ያን ያህል አይታገሥም። ከጓደኛው መኪና መለዋወጫ ሣጥን የተገኘ ክዳን አደረግንለትና ቀኑን ሙሉ ሳያፈላ ዋለ። የራዲያተር ዋጋ የሚያውቅ ሰው ልጁ ለምን እጄን ሊስም እንደቃጣው ይገባዋል።

የጎማ ነፋስም እንዲሁ ነው። ጎሚስታ ዘንድ «35 አግባልኝ» ብለን የምንወጣበት ጎማ ድንጋያማ አቀበት ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ወደ 20 ሲወርድ ግን መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት መልሶ መንፋት ግን ግዴታ ነው፤ ነፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲሮጥ ይግላል፣ ይፈነዳልም። ሦስቱ መኪናዎች መንፊያ ሳይዙ መጥተው ስለነበር፣ ሌላው እስኪያበድራቸው ድረስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።

ስለ መጎተት ሳልጽፍ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። አንዱ መኪና ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ሲይዘው፣ ሊረዳው የመጣው ጓደኛው የብረት ገመዱን ከፓራውልቱ ላይ ሊያስር ጎንበስ አለ። ፓራውልት የመኪና ጌጥ እንጂ ማሰሪያ አይደለም፤ ገመድ የሚታሰረው ከሻሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ጋር በተያያዘው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። ቦታውን አሳይቼው ገመዱ ከተወጠረ በኋላ የለበስሁትን ጋቢ አውልቄ መሃሉ ላይ ጣል አደረግሁት። ልጆቹ ጋሼ ገመዱ በረደው ብለው ሳቁ። ተወጥሮ የተበጠሰ የብረት ገመድ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ ከላዩ ከባድ ጨርቅ ካለበት ግን ኃይሉ ተሰብሮ ወደ መሬት ይወድቃል። በሥራ ዘመኔ የተመለሰ ገመድ ያረፈበትን በር ስላየሁ፣ ስለ ጋቢዬ ንጽሕና ማሰብ ከተውሁ ቆይቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁት ቀኑ ምን ያህል እንደሚያስተምር ለማሳየት ነው። ወደ ቅሬታዬ ልመለስ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ መሪው መኪና ዋናውን የጋሪ መንገድ ትቶ በአንድ ሜዳ ላይ አቋረጠ። ጤፉ ከታጨደ ቆይቷል፣ አውድማው ላይ የተከመረው ጭድ ከሩቅ ይታያል፣ መሬቱም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስለዚህ መከሩ አልቋል ተብሎ ተገመተ። ያ ሜዳ ግን ሽምብራ ነበረበት። ሽምብራ በየረር ዙሪያ ባለው የመረሬ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ላይ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት አድጎ ሌላው እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ይነሣል። ተክሉ አጭርና አቧራ የለበሰ በመሆኑ ከመኪና መስኮት ሲያዩት ሣር ይመስላል። ከተማ ውስጥ እሸቱን በእስር እየገዛ ሲፈለፍል የሚያመሽ ልጅ፣ ማሳው ላይ ቆሞ ሲያገኘው አላወቀውም።

አምስት መኪና ካለፈ በኋላ አንድ አዛውንት ገበሬ ዱላቸውን ይዘው መጡ። አልጮኹም። ጎማ ከረገጠው መስመር አንዱን ተክል ነቅለው አራገፉት፤ ደርቀው የነበሩት ቆባዎች ተከፍተው ፍሬው መሬት ላይ ተበተነ። ከዚያም በአፋን ኦሮሞ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ከመካከላችን ቋንቋውን የሚችል ወጣት ተረጎመልን። «መንገድ አጥታችሁ ነው ወይስ እኛን አጥታችሁ?» ነው ያሉት። ከመሪው መኪና የወረደው ሰው ወዲያው ኪሱ ገብቶ ብር ሊቆጥር ሲል፣ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት፤ ጉዳቱን መንደሩ ይየው፣ ሽማግሌ ይገምተው አሉ። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ፣ ዱካውን በእርምጃ እስኪለኩ፣ እስኪነጋገሩና እኛም አዋጥተን እስክንከፍል ሁለት ሰዓት አለፈ። የተጠየቅነው ከገመትነው በታች ነበር፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረን።

ይህ በአንድ ወገን እየተካሄደ ሳለ በሌላ በኩል ሞተረኞቹ የራሳቸውን ጥፋት ሲሠሩ ቆይተዋል። በተራራው ወገብ ላይ የተሠራውን እርከን ለመዝለያ ተጠቅመውበታል። እውነት ለመናገር፣ እርከን ለሞተረኛ ዓይን የተዘጋጀ መዝለያ ይመስላል፤ እኔም በሃያ ዓመቴ ብሆን ኖሮ ሳልፈተን አልቀርም ነበር። ነገር ግን ያ የአፈር ክምር የአካባቢው ሕዝብ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በአካፋና በዶማ ወጥቶ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ነው። ጎማ አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ከበሳው፣ በክረምት ጎርፉ ያችን ክፍተት አግኝቶ ይገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦይ፣ ከዚያም ቦረቦር ይሆናል። የእኅቴን ልጅ በዚህ ምክንያት ክፉኛ ተቆጥቼዋለሁ፤ በማግስቱ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ አካፋ ተውሶ የፈረሰውን መልሶ መሥራቱን እዚህ ላይ ባልጽፍ ግን እበድለዋለሁ።

ወጣቶቹ ወደ ገጠር የሚወጡበትን ምክንያትም መረዳት ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከተጣለ ወዲህ፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን በከተማው ውስጥ ልምድ የሚያካብትበት ሜዳ የለውም። ስለዚህ ጉዞው ጨርሶ ይከልከል የሚለው ሐሳብ ሰዎቹን በስውር፣ በትንንሽ ቡድን፣ ያለ ልምድ አዋቂና ያለ መጎተቻ ከመላክ በቀር የሚፈይደው ነገር አይታየኝም። እኔ የምጠይቀው፣ አዘጋጆች የሚባሉት ሰዎች መኪናን ለመፈተሽ የሚያጠፉትን ጊዜ ሩቡን ያህል መንገዱን ለመፈተሽ እንዲያውሉት ነው።

ይህም እንዲህ ይሁን። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሁለት ሰዎች መንገዱን ከአካባቢው ነዋሪ ጋር በእግራቸው ይሂዱበት፤ በመኪና ሳይሆን በእግር፣ ምክንያቱም ከመኪና ላይ ሽምብራ ሣር ይመስላል። ቀበሌው ይወቅ፤ ገበሬው በየት በኩል ማለፍ እንደሚቻል ያሳይ፤ ለዚህ ለሚያባክነው ቀን ይከፈለው። ጉዞው የጋሪና የከብት መሄጃ ሆኖ ከኖረው መንገድ አይውጣ፤ አቀበቱ የሚፈለግ ከሆነ በዚያው መንገድ ላይ ሞልቷል። ወንዝ ውስጥ መኪና ማጠብ ይቅር፤ ከብት የሚጠጣው ከዚያው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ስለ መግባት የሚያስቡ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የተሽከርካሪዎቹ ሰልፍም ሥርዓት ይኑረው። በሥራ ዘመናችን እያንዳንዱ ሹፌር ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነበር፤ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ተከታይህ እስኪያይህ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ እሱም እንዲሁ ያደርጋል። በዚያ ቅዳሜ ይህ ደንብ ስላልነበረ አንድ ሞተረኛ ወድቆ የእጅ አንጓው ሲወለም፣ መቅረቱን ያወቅነው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሸለቆው ውስጥ ግን ኔትወርክ አልነበረም። እጁን በካርቶንና በነጠላ አስረን በእኔ መኪና ወደ ከተማ አወረድነው።

ቡድኑ ቀጣዩን ጉዞ ለመጋቢት መጨረሻ ማሰቡን ሰምቻለሁ። በዚያን ጊዜ የበልግ ዝናብ አንድ ቀን ጣል ካደረገ መረሬው ጎማውን በጭቃ ይጠቀልለዋል፣ ከባዱም መኪና ይሰምጣል፣ የሚቀረው ዱካ ደግሞ ገበሬው በሬ ሲጠምድበት ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ጉዞው ሽምብራው ከተነሣ በኋላና ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ማለትም በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ መካከል ይደረግ ብዬ ለአዘጋጆቹ በቃል ነግሬያቸዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤም እደግመዋለሁ። ቀኑን ከቆረጡ መንገዱን በእግራቸው ከሚሄዱት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹም መጥቼ ልጠይቃቸው ቃል አስገብተውኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ
ከሲኤምሲ አካባቢ፣ አዲስ አበባ