ለአስቴር፣ ስለ እግርሽ

አዲስ አበባ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ አስቴር፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴ ባረፈች ጊዜ የላክሽልኝን የማጽናኛ ደብዳቤ ሳልመልስ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ማለፉን አውቃለሁ፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ልነግርሽ የማልደፍረው ነገር እየመጣብኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህትሽን ለቅሶ ቤት አገኘኋትና፣ ስኳር ከተገኘብሽ ሰባት ዓመት እንደሆነሽ፣ በሜሪላንድ ክረምት እግርሽ እየቀዘቀዘ እንቅልፍ ስለሚነሳሽ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ትራስ እግርሽ ሥር አድርገሽ እስኪነጋ እንደምትተኚ አጫወተችኝ። «የደም ዝውውሯን አስተካከለላት» ስትለኝ የያዝኩት ንፍሮ ከእጄ ተበተነ።

የእናቴን እግር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ሳልነግርሽ የቆየሁት ይህንን ነው። እርሷም እንዳንቺ «ይበርደኛል፣ ደግሞም ይለበልበኛል» ትል ነበር። በአንድ የሐምሌ ሌሊት ጠርሙስ በሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ከጋቢዋ ሥር እግሯ ላይ አስጠጋሁላት። «ደህና አድርጎ ሞቀኝ» እያለች መረቀችኝና ተኛች። ሲነጋ ተረከዟና ሁለት ጣቶቿ ውኃ ቋጥረው አገኘኋቸው፤ እርሷ ግን እኔ እስካሳያት ድረስ ምንም አላወቀችም። ቁስሉ አልድን ብሎ ከአራት ወር በኋላ ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ያረፈችው በሌላ ሕመም ቢሆንም፣ እነዚያን ጣቶች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ያን ጠርሙስ በቴርሞሜትር የለካሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እንደዚያን ሌሊቱ ባለ ሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ በዚያው ነጠላ ጠቅልዬ፣ ከላይ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አነበብኩ። ሞሪትዝና ሄንሪኬስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳሳዩት፣ 44 ዲግሪ የሆነ ነገር ቆዳን ለማቃጠል ስድስት ሰዓት ገደማ ሲፈልግ፣ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጊዜው በግማሽ ያህል እያጠረ ይሄዳል፤ ለ49 ዲግሪ ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል። እጅ ሲነካው «ደስ የሚል ሙቀት» የሚለው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከቆየ እሳት ነው ማለት ነው። የእኔ ጠርሙስ ቢያንስ እያደር ይቀዘቅዝ ነበር፤ ያንቺ ትራስ ግን ካላጠፋሽው አይቀዘቅዝም።

ሙቀት ሕመም ያስታግሳል፣ ደም ያዘዋውራል የሚለውን አልክድም፤ እውነት ነውና። ቆዳ ሲሞቅ በዚያው አካባቢ ያሉ የስሜት ነርቮች ለደም ሥሮቹ ምልክት ይሰጣሉ፤ ቀጥሎም የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጭና የሥሮቹ ጡንቻ ይላላል፣ መንገዱም ይሰፋል። ዕረፍት ላይ ሳለን ወደ ቆዳችን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም፤ መላው አካል እጅግ ሲሞቅ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ሊደርስ ይችላል። ፍልውሃ ገብተሽ ከገንዳው ድንገት ስትነሺ ራስሽን የሚያዞረውም ደሙ ወደ ቆዳ ስለወረደ ነው። እኔም ወገቤን ሲይዘኝ አሁንም እዚያው እሄዳለሁ፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩበት ያ ውኃ ከምድር ሲወጣ ገላ የማይችለው ቢሆንም፣ በርዶ ሲቀርብ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላልኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ የኮክሬን ግምገማም በሙቀት መጠቅለያ የሚገኘው እፎይታ መጠነኛና አጭር ቢሆንም፣ በቅርብ ለጀመረ የወገብ ሕመም እንደሚረዳ አረጋግጧል። ወገቤ ግን የሚደርሰው ደም አለው፣ የሚናገር ነርቭም አለው።

እግርሽ ላይ ጉዳዩ የሚለየው በዚህ ነው። ደም ሙቀትን የሚያመጣ ብቻ አይደለም፣ ትርፉን ጠርጎ የሚወስድም እርሱ ነው፤ በስኳር ምክንያት የጠበበ የደም ሥር ያንን ትርፍ ማንሣት ስለማይችል ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል። በዚያ ላይ የሞቀ ሥጋ ሥራው ስለሚፋጠን ኦክስጅን ይበልጥ ይፈልጋል፤ መንገዱ የተዘጋ እግር ደግሞ የተጠየቀውን ማቅረብ አይችልም። ተረከዝሽ ትራሱን ተጭኖ ሲያድር የቀረውም ደም ይቋረጣል።

ነርቩ ደግሞ አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘውና በ2021 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ተቀባይ በነርቭ ጫፍ ላይ ሆኖ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ «ተቃጠልኩ» የሚል ነው፤ የቃሪያና የሚጥሚጣን ማቃጠልም የሚሰማን በዚሁ በር ነው። ስኳር ያጠቃው ነርቭ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ እሳት በሌለበት እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባል፣ እውነተኛ እሳት ሲመጣ ደግሞ ዝም ይላል። እናቴ የመረቀችኝ ለዚህ ነበር።

ታዲያ በብርድ ተቀመጪ ማለቴ አይደለም። የሱፍ ካልሲ አድርጊ፣ ከመተኛትሽ በፊት ቤትሽ ውስጥ ተራመጂ፣ እግርሽን ስትታጠቢም ውኃውን በእግርሽ ሳይሆን በክርንሽ ፈትኚው። አንድ ነገር ሳነብ ግን ተገርሜያለሁ፤ ጊቦንና ላንዲስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1932 ሰዎች ክንዳቸውን ለብ ባለ ውኃ ሲነክሩ የእግራቸው የደም ሥር እንደሚሰፋ አሳይተዋል። ከክንድ የሞቀው ደም ሲዘዋወር አእምሮ «ሞቋል» ብሎ ሩቁን መንገድ ይከፍታል፤ እግሩ ሙቀቱን ሳይነካው ደሙን ያገኛል። ስኳር ይህንን ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች ሊያደክም ስለሚችል ላንቺ ምን ያህል እንደሚሠራ ሐኪምሽ ይንገርሽ፤ ቢያንስ ግን ክንድሽ ሲቃጠል የሚናገር ክንድ ነው።

ሐኪምሽ ጋ ስትሄጂ ጫማሽን አውልቀሽ አሳዪ። በቀጭን የናይለን ክር ጣትሽን እየነኩ ስሜቱን ይፈትኑታል፣ የእግርሽንም የደም ምት ይለካሉ፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ትራሱንም ዛሬ ማታ ወገብሽ ላይ አድርጊው፣ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ አጥፊው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሻለሁ፤ ስንነጋገር እግርሽን አይተሽ፣ ልጅሽም ተረከዝሽን አይታልሽ እንድትነግሪኝ እለምንሻለሁ። ስለ እናቴም ያን ጊዜ ልጠይቅሽ የምፈልገው አለ።

እኅትሽ፣
አልማዝ