ለሰናይት፣ ስለ ብሌን

ሰኒዬ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ?

ልደውልልሽ ነበር። ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም፤ ካለቀስኩ ደግሞ የምለው ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ቁጭ አልኩ። ይኸው ከአሥር ዓመት በኋላ።

መጀመሪያ የእትዬ ዘነበች ነገር። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን፣ የአሜሪካ ጦር የምልምል ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ሥልጠናው አሥር ሳምንት ነው፤ እኔ አምስተኛው ላይ ነበርኩ። ስልካችንን ገና ስንገባ ሰብስበው ቆልፈውበታል። ቤተሰብ ሲሞት በቀይ መስቀል በኩል መልእክት ይመጣል፤ እሱም ለቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው። «እንደ ልጇ ያበላችኝ የጓደኛዬ እናት» የሚባል ዘመድ ፎርሙ ላይ የለም። መርዶውን የሰማሁት አንድ እሁድ ለጥቂት ደቂቃ ስልክ ሲሰጡን ነው። ማታ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሩጫ ነበረን።

አንቺ «ጠመንጃ ስትይዢ ሰው ረሳሽ» ብለሻል ሲሉኝ ተቀየምኩሽ። ግን እውነት ነበረሽ ሰኒ፣ ግማሹን። ሥልጠናው እንዳለቀ መደወል ነበረብኝ። አፈርኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ከዚያ በኋላ በምን አፌ?

አሁን ያስጻፈኝ ልጅሽ ብሌን ደውላልኝ ነው። እባክሽ አትቆጫት። ፌስቡክ ላይ ፈልጋ አገኘችኝ። «አክስቴ፣ ታስታውሽኛለሽ?» አለች። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ያ ጣራው የሚያፈስ ቤዝመንት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ የሠራሁላትን ልጅ እረሳለሁ? ጸጉሯን ስጎትት «አሞኛል» እያለች የምታስቀው! አሁን ነርሲንግ ልትጨርስ ሁለት ሴሚስተር ቀርቷታል። እኔ እኮ በቁሜ አረጀሁ።

እንደነገረችኝ ከሆነ አንድ ሪክሩተር፣ የጦሩ መልማይ፣ ሞል ውስጥ አግኝቷታል። የመግቢያ ፈተናውን ወስዳለች፣ ጥሩ ውጤትም አምጥታለች። ትምህርቱን አቋርጣ ሜዲክ፣ ቁስለኛ የሚረዳ ወታደር፣ ሆና እንድትገባ ነው የሚያባብላት። አሁን ከፈረመች ቦነስ አለው፣ መኮንንነቱ በኋላ ይደረስበታል አላት። አንቺ ደግሞ «ተራ ወታደርም ሆንሽ መኮንን ያው ጦር ነው፣ ከቤቴ አይወጣም» ብለሻታል አሉ። ከሁለታችሁ መሀል ቆማ ነው የደወለችልኝ።

ቁጣሽ ይገባኛል። ግን ያው አይደለም ሰኒ። በእኔ ላይ ስለደረሰ ነው የማውቀው።

እኔ በፈረንጆቹ 2015 ስገባ ግሪን ካርድ ነበር የያዝኩት። በግሪን ካርድ ወታደር መሆን ይቻላል። መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል፣ ዲግሪም ይጠየቃል። የአካውንቲንግ ዲግሪ ነበረኝ፤ ትዝ ይልሽ እንደሆነ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር። አስገመገምኩት። ያተረፈልኝ ከታች ያሉትን ማዕረጎች ዘልዬ ስፔሻሊስት የሚባል የተራ ወታደር ማዕረግ ይዤ መግባቴን ነው። ደረቴ ላይ ትንሽ ጋሻ የምትመስል ምልክት፣ በቃ። በሚቀጥለው ዓመት ዜግነቱን አገኘሁ፤ ለወታደር ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴም ቀረ። አሁን አገሬ የምገባው በቢጫ ካርድ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ይህን ሳልቆጥር ነው የፈረምኩት።

ስለዚህ እኔ መረጥኩ ማለት አይቻልም። የተከፈተልኝ በር አንድ ነበር፣ በእሱ ገባሁ። ብሌን ግን አንቺ ዜግነት ስትወስጂ ከ18 በታች ስለነበረች በአንቺ በኩል አሜሪካዊት ሆናለች። ዲግሪውም ደጇ ላይ ነው። ሁለት በር ተከፍቶላት ሰውየው አንዱን ብቻ ነው የሚያሳያት።

«በኋላ ይደረስበታል» ያላት ውሸት አይደለም። ከታች ተነስተው መኮንን የሆኑ ሞልተዋል፤ መንገዱም አለ። ግን ማመልከቻ አለው፣ የአለቃ ድጋፍ አለው፣ ቦርድ አለው። እኔ ፋይሌን በ2019 ጀመርኩ። አረገዝኩ። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ፋይሉ ዛሬም ቁምሳጥኔ ውስጥ ከልጄ የክትባት ወረቀት ጋር ተቀምጧል። አሁን ስታፍ ሳጅን ነኝ፤ ንብረት ክፍል። ሥራዬን እወዳለሁ፣ እውነቴን ነው። «በኋላ» የሚሉት ነገር ግን እንዲህ ነው የሚያልፈው።

አንድ ሌሊት ልንገርሽ። ቴክሳስ ሳለሁ ነው። አንዲት ሌተናንት መጣችልን፣ በእኛ አጠራር ምክትል መቶ አለቃ፣ ገና 23 ዓመቷ። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ሳገኛት ቀድሜ ሰላምታ የምሰጥ፣ «ማም» የምል እኔ ነኝ። ታላቅ ለታናሽ ሲነሳ አስቢው! መጀመሪያ ሰሞን ምላሴ እምቢ ይል ነበር። የምታዛቸውን ወታደሮች ዕቃ በሙሉ ቆጥራ ስትረከብ አጠገቧ ቆሜ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ የፈረመችው ግን እሷ ናት። ፊርማው የሷ፣ እውቀቱ የኔ።

ከልምምድ ስንመለስ አንድ የሌሊት መነጽር ጠፋ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲጠፋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ልጅ ያለው፣ ነፍሰ ጡር ሚስት ያለችው፣ ሁሉም ይቀመጣል። ወታደሮቹ በባትሪ ሣር ለሣር ይፈልጋሉ። እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ ከቁጥር አንድ ጀምሬ ሴሪያል ቁጥሩን እያመሳከርኩ ነው። ልጅቷ ገባች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ደረሰኙን ይዛ ስሟን ታያለች፣ የፊርማዋን ቅርጽ ታያለች። «ሳጅን፣ ምንድን ነው የማደርገው?» አለችኝ። «ተቀመጪና ከእኔ ጋር ቁጠሪ» አልኳት። ቡና ቀዳሁላት፣ የቀዘቀዘ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ከመኪና ወንበር ሥር ይዞት መጣ።

ያን ሌሊት የገባኝን ነው ለብሌን የነገርኳት። እኔ ደክሞኝ ነበር፣ ተናድጄ ነበር፣ ግን ተኛሁ። ልጅቷ አልተኛችም። መኮንን ማለት ከደመወዙ በፊት ያ ፊርማ ነው። ሌላ ሰው ወንበር ሥር የረሳው ዕቃ በአንቺ ስም ይጻፋል። በአንጻሩ ደግሞ ማን እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚወጣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እኔ ልጄን ከዴይኬር የማመጣበትን ሰዓት እንኳ አስፈቅጄ ነው።

ደመወዙንም ጠይቃኛለች፣ የአንቺ ልጅ አይደለች! በ2025 ሠንጠረዥ ጀማሪ ስፔሻሊስት በወር ወደ 3,000 ዶላር፣ ጀማሪ ሌተናንት ደግሞ ወደ 4,000 ያገኛል፤ የቤትና የምግቡ ለብቻ ነው። ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ይሰፋል።

ለእሷ ግን ከገንዘቡ የሚበልጠው ሙያው ነው። ዲግሪውን ጨርሳ፣ የነርስ ፈቃዷን ይዛ ብትገባ በቀጥታ መኮንን ናት። ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። ሜዲክ ሆና ብትገባ ሳን አንቶንዮ ወስደው ደም ማቆም፣ ቁስለኛ መጎተት ያስተምሯታል። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልንቀውም፤ አንድ ሜዲክ እግሬን አትርፎልኛል። ግን ነርስ አይደለም። በኋላ ፈቃዱን ብታወጣ እንኳ በሜዲክነት እስካለች ድረስ እንደ ነርስ አያሠሯትም። ደግሞ እኮ የጦሩ ነርሶች ክፍል የተቋቋመው በ1901 ሆኖ ሴቶቹ ቋሚ የመኮንንነት ማዕረግ ያገኙት በ1947 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተለመነውን ማዕረግ ለሁለት ሴሚስተር ችኮላ ትተወው?

ሞል ውስጥ የሚቆመው ሰውዬ የሚያስመዘግበው የሰው ኮታ አለበት። ለነርሶችና ለሐኪሞች ሌላ መልማይ አለ፤ እሱን ፈልጊ ብያታለሁ። የትምህርት ዕዳ የሚከፈልበት ፕሮግራም እንዳለም ትጠይቀው።

ብሌን ዝም ብላ አልሰማችኝም። «አክስቴ፣ ከታች ሳልጀምር ሰው እንዴት አዛለሁ? ያቺ ሌተናንት እኮ አንቺ ባትኖሪ ወድቃ ነበር» አለችኝ። አየሽ ልጅሽን? አንጀቴን በላችው። ለሌላ ሙያ ቢሆን ይህን ክርክር እቀበላት ነበር። ጥሩ ጥሩ መኮንን ሆነው ያየኋቸው ሴቶች ብዙዎቹ ከታች የመጡ ናቸው። ነርስ ግን ከታች የምትጀምረው በሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው፤ እሱን አሁንም እየተማረችው ነው።

አንድ የምታጣው ነገር አለ፣ እሱንም አልደበቅኳትም። እኛ ስንገባ ስልሳ ሴት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው የተኛነው። ጸጉራችንን ከኋላ እንቋጥራለን፣ ለመተኮስ በሆዳችን ስንተኛ ቋጠሮው ሄልሜቱን ገፍቶ ዐይናችን ላይ ይጥለዋል። በጭፍን ተኩስ! እየተሳሳቅን ነው ያለፍነው፤ አሁን እንኳ ከ2021 ወዲህ ሹሩባውን ወደ ጀርባ መልቀቅ ተፈቅዷል። ከእነዚያ ልጆች አራቱ እህቶቼ ናቸው። መኮንን ብቻዋን ናት። ከወታደሩ ጋር መጠጣት፣ ፍቅር መያዝ ክልክል ነው። የምትወጂውን ሰው ማዕረግ ይመርጥልሻል።

አንቺ የምትፈሪውን አውቃለሁ። በ2020 ቴክሳስ ውስጥ የተገደለችውን ወታደር ቫኔሳ ጊየንን ሳስብ እኔም ሆዴ ይላወሳል። ገና 20 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመደፈር ክስ ከአለቆች እጅ ወጥቶ ለብቻው ለተቋቋመ ዐቃቤ ሕግ ተሰጥቷል። እሱ ጥሩ ነው። ግን እኔም እጁን ወገቤ ላይ ያሳረፈ አለቃ ነበረኝ። ከእኔ በላይ ስለነበር ለወራት ዝም አልኩ። ያኔ ትከሻዬ ላይ ማዕረግ ቢኖር ቶሎ እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። መኮንኖችም ይደርስባቸዋል፣ አልዋሽሽም።

አትግቢ ልላት አልቻልኩም። ወንድ ብትሆን 18 ሲሞላት ለውትድርና ጥሪ ስሟን ማስመዝገብ ግዴታዋ ነበር፤ ሴት ናትና ማንም አላስገደዳትም። ከራሷ የመጣ ነው። «ከቤቴ አይወጣም» ካልሻት ደግሞ ለማምለጥ ብላ ነው የምትፈርመው። እኔ እንደዚያ ነው የፈረምኩት፤ ከዚያ ቤዝመንት ለመውጣት። የመጀመሪያው ኮንትራት ከነተጠባባቂው ስምንት ዓመት ነው ሰኒ። በንዴት የሚፈረም አይደለም።

ቀጠሮዋ በሚመጣው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት አስቀምጠሽ አናግሪያት። ብትፈርም እንኳ ወደ ሥልጠና እስከምትላክበት ቀን ድረስ ሐሳቧን መቀየር ትችላለች፤ ሰውየው «አይቻልም» ቢላትም አትመኑት።

እኔ አሁን ጆርጂያ ነኝ፣ ፎርት ስቱዋርት። ለፋሲካ ዕረፍት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሴት ልጄን ይዤ በመኪና እመጣለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ስሟን ዘነበች ብያታለሁ። ማንም አልነገረሽም መሰለኝ።

ጥቁር ነጠላዬን ይዣለሁ። ለቅሶ ልደርስ ነው የምመጣው፣ ዘግይቼም ቢሆን። በሩን ክፈችልኝ።

ያንቺው
ትዕግስት